እማ ለተብርሃን ከንፈራቸውን የገለጡ ዕለት

ጥርስ ሰው ይገድላል ብሎ የነገረኝ ቢኖር ያኔ እስቅበት ነበር። በእኛ ወረዳ በደሃና ሰው በወባ ሲሞት አይቻለሁ፣ በወሊድ ሲሞት አይቻለሁ፣ ገደል ገብቶ ሲሞትም አይቻለሁ። በጥርስ የሞተ ሰው ግን ሰምቼም አላውቅም። እንደውም "ጥርሴን አሞኛል" ብሎ መቅረት እንደ ቅብጠት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ይህን ጨዋታ እንደ ቀላል ነገር ብትጀምሩት አልቀየማችሁም። ስትጨርሱት ግን እባካችሁ መስታወት ፈልጉ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ሰቆጣ ገና ባጃጅ የሚባል ነገር ሳታይ። ከአምደወርቅ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ተድሬ አንዲት ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስለደረስኩ የመንደሩን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ፤ በዚያ በጣም እኮራ ነበር። ባሌ ሀይሉ እንደ ብዙው ጎልማሳችን ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ መመለሻውን የሚያውቀው እግዜር ነው። እኔ ልጄን ይዤ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ግቢ እኖራለሁ።

የባሌ አባት ቄስ ገብሩ ናቸው። አባ እንላቸዋለን። ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚነድ፣ ቶሎም የሚበርድ ሰው ነበሩ። የባሌ እናት እማ ለተብርሃን ደግሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ ሴት ናቸው። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። መንደሩ ሁሉ "የቄስ ሚስት እንዲህ ናት፣ ጨዋነት ከእሷ ተማሩ" ይል ነበር። እኔም መጀመሪያ ጨዋነት መስሎኝ ራሴን አስጨንቄ ስስቅ አፌን መሸፈን ጀምሬ ነበር።

ልጄን እያጠባሁ ሳለ የታች መንጋጋዬ ተቦረቦረ። ሕመሙ ሲነሳብኝ ግንባሬን ከግድግዳ ጋር አጋጫለሁ። አንድ ቀን ወንዶቹ እርሻ ወርደው ሳለ እማ ለተብርሃን ወደ ጎጆዬ ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። ከመቀነታቸው ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ፈቱ። ከአመድ ጋር የተወቀጠ ጥቁር ዱቄት ነው። ሽታውን ከሩቅ አውቀዋለሁ።

"ይህችን በጥርስሽና በከንፈርሽ መሀል አድርጊያት። ምራቁን ትፊው፣ እንዳትውጪው።"

"እማ፣ ይኼ ትምባሆ አይደለም እንዴ?"

"ዝም በይና አድርጊው። እኔም ሀይሉን ሳጠባ በዚህ ነው የተረፍኩት።"

ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። በእኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ሰው ዘንድ ትምባሆ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ ብቻ አይባልም፤ ከሃይማኖቱ የወጣ ይባላል። አባ ራሳቸው በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ትምባሆ የሚወስዱትን ሲገዝቱ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እማ ለተብርሃን ከሴቶቹ መሀል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ይሰማሉ። አሁን እኒያው ሴት ትምባሆ ይዘው ፊቴ ቆመዋል። ከድንጋጤዬ ብዛት ሕመሙን ለአፍታ ረሳሁት።

አደረግሁት። አፌን አቃጠለኝ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ልቤ ወደ ላይ አለ። ከዚያ ጥርሴ ዝም አለ። ስንት ቀን ያላሳረፈኝ ጥርስ እንደተኛ ሕፃን ዝም ሲል ደስታዬን ምን ልበላችሁ! የእማ ለተብርሃንን ጉልበት ሳምኩ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ። ቆይቶ ደግሞ ሕመሙ ሳይመለስም መሄድ ጀመርኩ።

ምራትና አማት መዋደዳችን ለመንደሩ ሴት ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። "ምን አስማት አደረገችባት?" ይላሉ። አስማቱ ከከንፈራችን ሥር ነበር። አምደወርቅ ገበያ ስንወርድ አንዲት ሴት ትምባሆውን ከአብሽና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ቋጥራ ትሸጥልናለች፤ የሚያየን ሰው ቅመም ገዛን ነው የሚለው። ሽታው እንዳይታወቅ የወይራ መፋቂያ ከአፋችን አይለይም። እንደውም ሰው ሲያየን ጥርሳችንን የምንወድ ንጹሕ ሴቶች ነበርን። ቁርባን ሲደርስ እማ ለተብርሃን ቀደም ብለው ያቆሙታል፤ በዚያ ሰሞን ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ዕቃ ከእጃቸው እየወደቀ ይውላሉ። አባ "ጾሙ ከብዷት ነው" እያሉ ያዝኑላቸዋል።

ከጊዜ በኋላ ትምባሆውን የማደርግበት ቦታ፣ የታችኛው ከንፈሬ ውስጡ፣ ነጭ ሆኖ ተጨማደደ። ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣት ይመስላል። በጣቴ ብፈትገው አይለቅም። ለእማ ለተብርሃን ነገርኳቸው።

"የሁላችንም እንዲህ ነው" አሉኝ። "ቦታው ለምዶ ነው። አያምሽም አይደል?"

"አያመኝም።"

"እንግዲያ ምን ያስጨንቅሻል?"

እውነታቸውን መሰለኝ። ያልታመመ ነገር ምን ያስጨንቃል? እሱም ተረሳ። መንጋጋዬ ግን ትምባሆው አስተኛው እንጂ መበስበሱን አላቆመም ነበር።

አንድ ዓመት በሁዳዴ ጥርሱ በአንድ ቀን ነቃ። እፍኝ ትምባሆ ብጨምርበትም አልሰማኝም። ሲብስብኝ በመንደራችን ጥርስ በጉጠት ወደሚነቅለው ብረት ሠሪ ሄድኩ። ጥርሱ ሲሳብ መሀል ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ሥሩ እዚያው ቀረ። ደሙ አልቆም አለ። ቤት ስደርስ ነጠላዬ ርሷል። እማ ለተብርሃን ተደናገጡ፤ ቋጠሮአቸውን ፈትተው በአውራ ጣታቸው ትምባሆውን ከጉድጓዱ ውስጥ ጠቀጠቁት። "ደም ያቆማል፣ ነክሰሽ ያዢው" አሉኝ። እውነትም ደሙ ቆመ።

በማግስቱ አገጬ ሥር አበጠ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ አንገቴና አገጬ አንድ ሆነዋል። ምላሴ ወደ ላይ ተገፍቶ ላንቃዬን ነክቷል። ምራቄን መዋጥ አልቻልኩም፤ እንደ ሕፃን ለሃጬን አዝረከርካለሁ። በጀርባዬ ስጋደም ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ስነሳ ትንሽ ይመለሳል። ለመናገር ብሞክር የሚወጣው ድምፅ የእኔ አይደለም። ልጄ ፊቴን አይታ ሸሸችኝ።

የባሌ ወንድም ካሳ ገብቶ አየኝና "አባ! ይቺ ልጅ ልትሞት ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ። የቃሬዛ ማኅበሩ ሰዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ተሰበሰቡ። መቼም የአገሬን ሰው በዚህ አላማውም፤ የእርሻ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል። ቃሬዛው ላይ ሊያስተኙኝ ሲሉ ታነቅሁ። በመጨረሻ ከኋላዬ ጋቢ ጠቅልለው ደግፈው አስቀመጡኝ። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ተሸከሙኝ፤ እማ ለተብርሃን ከጎኔ እየተራመዱ ጀርባዬን በእጃቸው ይደግፋሉ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ።

ቁልቁለቱ ላይ ሰዎቹ ትከሻ ለመለዋወጥ ሲያሳርፉኝ እማ ለተብርሃን ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ውስጥ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ተናገሩኝ። በቤታችን የምንግባባው በኽምጣኛ ነው።

"ትርንጎ ልጄ፣ ምን አደረግሽበት ብለው ከጠየቁሽ ጨው ነው በይ። እለምንሻለሁ። አባ ከሰሙ እኔ ከዚያ ቤት ሬሳዬ እንኳ አይወጣም።"

አየኋቸው። መናገር ብችል ምን እንደምላቸው አላውቅም። ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁ፣ ደግሞም ከማንም በላይ እወዳቸዋለሁ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

አምደወርቅ ጤና ጣቢያ የነበረው ሠራተኛ ገና ከበሩ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ። "ጥርሱን ካስነቀለች በኋላ ምን አድርጋችሁበታል?" ብሎ ጠየቀ። እማ ለተብርሃን "ጨው" አሉ። አባም "ጨው ነው ያደረጉላት" ብለው አጸኑት፤ እሳቸው እውነት መስሏቸው ነው። መርፌ ወጋኝና "ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ አሁኑኑ ሰቆጣ አድርሷት፣ መንገድ ላይ እንዳትጋደም" አለ። እህል ጭኖ ወደ ሰቆጣ የሚሄድ አይሱዙ ተገኘ። ሾፌሩ እኔን ሲያይ ጋቢና ውስጥ የነበሩትን ሁሉ አውርዶ እኔንና እማ ለተብርሃንን አስገባ፤ አባና ካሳ ጆንያ ላይ ወጡ።

ያን መንገድ አልረሳውም። መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ ይከፈታል፤ ይዘጋል። መተንፈስ ሥራ ሆነብኝ። እያንዳንዷን ትንፋሽ ፈልጌ ነው የማመጣት። ልጄ ከእኔ ስትሸሽ የነበራትን ፊት አስባለሁ፤ "የመጨረሻ ያየችኝ እንዲህ ሆኜ ነው" እላለሁ። ሾፌሩ በየአፍታው ወደ እኔ እየዞረ "አይዞሽ እህቴ፣ ደረስን" ይላል። አልደረስንም ነበር።

ሰቆጣ ሆስፒታል ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የጎጃም። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። አስቀምጦኝ አፌን ለመክፈት ሞከረ፤ ጣቱም በግድ ነው የገባው። በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ አየ። ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

"ከጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ። ምንድን ነው?"

"ጨው ነው" አሉ አባ።

"ጨው አይጠቁርም፣ አባቴ።"

ሐኪሙ የታችኛውን ከንፈሬን በጣቱ ገለጠውና ባትሪውን አስጠጋ። ነጩን ቦታ ረጅም ጊዜ አየው።

"ይህች ልጅ ትምባሆ ትወስዳለች?"

አባ ከተቀመጡበት ተነሡ። "ምን አልክ?"

"ከንፈሯ ውስጥ የትምባሆ ምልክት አለ።"

"ስማ ልጄ፣ እኔ ቄስ ነኝ። ይህች የቤቴ ምራት ናት። በቤቴ ትምባሆ ሊገባ ቀርቶ ስሙ አይጠራም። የታመመች ሴት ላይ ስም ታወጣለህ?"

"ስም ላወጣባት አይደለም" አለ ሐኪሙ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "አባቴ፣ መግሉ አገጯ ሥር ሞልቶ ጉሮሮዋን እየዘጋው ነው። አሁን ከአገጯ ሥር ቀድጄ ማውጣት አለብኝ። ጉድጓዱ ውስጥ የተጠቀጠቀው ነገር ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ካላወቅሁ ግን ትርፍራፊው ውስጥ ይቀራል፣ መግሉም ይመለሳል። ሁለተኛ ጊዜ ለመቅደድ ጊዜ አላገኝም። ጠቀጠቁባት ወይስ አስቀመጡላት ብቻ? ማን ነው ያደረገላት?"

አባ ሐኪሙን ትተው ወደ እማ ለተብርሃን ዞሩ። ሐኪሙ እንዳይሰማቸው በኽምጣኛ ነው የተናገሩት፤ እኔ ግን ሁሉንም እሰማለሁ።

"ይህ ልጅ ያዋርደናል እንጂ አያድናትም። ካሳን ጥሪው፣ እናውጣትና ፀበል እናድርሳት። እዚህ አፏን ሲነካካ ከምትሞት እዚያ ትሙት።"

አንባቢዎቼ፣ አባን ክፉ አድርጋችሁ አትዩብኝ። የሚያውቁት መዳኛ እሱ ነበር። እኔ ግን ያን ስሰማ ሞቴ እንደተቆረጠ ገባኝ። ፀበሉ ድረስ የሚያደርስ ትንፋሽ አልነበረኝም። እጄን አንሥቼ "እምቢ" ልል ሞከርኩ፤ እጄ ከፍ አላለም። ወደ እማ ለተብርሃን አየሁ። የነበረኝ እሱ ብቻ ነው፣ ማየት።

እማ ለተብርሃን በሩ ጋ ቆመዋል። ካሳን ለመጥራት ወደ ውጭ የዞሩ መሰለኝ። ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው አባ ፊት ለፊት መጡና በኽምጣኛ፣ በዝግታ፣ "እኔ ነኝ" አሏቸው። "ትምባሆውን ያደረግሁባት እኔ ነኝ። ያስጀመርኳትም እኔ ነኝ። እኔም እወስዳለሁ። ሀይሉን ካጠባሁ ጀምሮ እወስዳለሁ።"

አባ እንደገባቸው አልመሰለኝም። ሐኪሙ የሚሉት ስላልገባው ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል። እማ ለተብርሃን አሁን ወደ እሱ ዞረው በአማርኛ፣ ቃል እየፈለጉ ነገሩት።

"ዶክተር፣ ትምባሆ ነው። ከአመድ ጋር የተወቀጠ። በአውራ ጣቴ ነው የጠቀጠቅሁት፤ ብዙ ነው። ሥሩም ውስጥ አለ፤ ጥርሱ ተሰብሮ ነው የቀረ። እሷ የለችበትም። የእኔን እይና እመነኝ።"

ይህን ብለው ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። የታችኛውን ከንፈራቸውን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ውጭ ገለጡት።

በዚያ ቤት በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር ያን ሁሉ ዘመን ከንፈራቸውን በቀን ብርሃን አይቼ አላውቅም ነበር። የእኔ ነጭ ብቻ ነው። የእሳቸው ነጩ መሀል ተቀድዶ ቀይ ሥጋ ወጥቷል፤ ጠርዙ ደርቆ ዙሪያውን ከፍ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ እኔን ለቀቀኝ። ባትሪውን ይዞ ወደ እሳቸው ሄደ። በጓንቱ ጣት ጠርዙን ነካ፤ ከዚያ አገጫቸው ሥር በሁለት እጁ ዳበሰ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

"ይህ ቁስል መቼ ነው የወጣብዎት፣ እናቴ?"

"ከእንቁጣጣሽ በፊት።"

"ለምን አልመጡም?"

"አያመኝም እኮ" አሉ እማ ለተብርሃን። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ሐኪሙን ለማጽናናት ነው የሚመስለው። "ቢያመኝማ እመጣ ነበር።"

ሐኪሙ ባትሪውን አጠፋ፤ መልሶ አበራ፤ መልሶ አጠፋ። ከዚያ "መጀመሪያ ልጅቷን" አለና ወደ እኔ ተመለሰ። አባ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር። መቼ እንደተቀመጡ ማንም አላያቸውም።

የቀደደኝን ቀን ዝርዝር ማንበብ የማትፈልጉ ይህችን አንቀጽ ዝለሏት። ማደንዘዣው መግል ያለበትን ቦታ እንደሚገባው አያደነዝዝም። ሁለት ሰው ትከሻዬን ይዞኝ፣ ቁጭ እንዳልኩ ነው ከአገጬ ሥር የቀደደው። የወጣው ሽታ ሊያግዝ የገባውን ካሳን ወደ ውጭ አስሮጠው። ጥቁሩን ትምባሆ ከጉድጓዱ እየጠረገ፣ እያጠበ፣ እየጠረገ አወጣው፤ የተሰበረውንም ሥር በኋላ ነቀለው። የጮኽኩት በሆዴ ነው፤ ድምፅ የለኝማ። ከዚያ በድንገት ምላሴ ወረደ። አየር ገባ። የአየር ጣዕም እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ከሕመሙ አልነበረም።

እዚያ ተኝቼ ጉሉኮስ እየወሰድኩ ሳለ እማ ለተብርሃን አልጋዬ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። አባ ከእሳቸው ራቅ ብለው በረንዳው ላይ ይውላሉ። አይነጋገሩም። እማ ለተብርሃን አንድ ጊዜ እንኳ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አልመለሱም፤ እንግዲህ የሚሸፈን ነገር የለም። አንድ ጠዋት አባ የውሃ ኮዳ ይዘው ገቡ። እኔን ሳያዩ ወደ እማ ለተብርሃን ሄዱና ውሃውን ዘረጉላቸው። "አፍሽን ተጉመጥመጪ" አሏቸው። እማ ለተብርሃን ኮዳውን ተቀብለው ተጉመጠመጡ።

ሐኪሙ አዲስ አበባ እንዲሄዱ ጻፈላቸው። "ዛሬ እንጂ ነገ አይባልም" ብሎ ለምኗል። እማ ለተብርሃን ግን "የመጣነው ለእሷ ነው፣ እሷ ትነሳ" አሉ። እኔ ከተነሣሁ በኋላ ደግሞ "ሀይሉ ይምጣ" ተባለ፤ ከሀይሉ በቀር አገር የዞረ ማን አለ? ሀይሉ ሲመጣ ወሰዳቸው። እዚያ አይተው ካንሰር ነው፣ ወደ አንገታቸው ወርዷል፣ ዘግይታችኋል አሉት። አልጋ ሳይዙ ተመለሱ። አሁን ማመም ጀመረ። መጀመሪያ እንጀራ አቃታቸው፤ ቀጥሎ አጥሚት። አባ አጥሚቱን በማንኪያ እያቀዘቀዙ ያጠጧቸው ነበር፤ ሌላ ሰው ሲያጠጣቸው አይወዱም። በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። በመጨረሻ ጊዜ ንግግር ስላልቻሉ በእጃቸው ነበር የሚያዙኝ። እኔን ሲያዩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ ጣታቸውን ወደ ገዛ ከንፈራቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ። አሳዪ ማለታቸው ነው።

እሳቸውን እወቅሳለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አልወቅስም። ሕመሜን ያዩት እሳቸው ናቸው፤ ያወቁትን መድኃኒት ሰጡኝ። በኋላም ክብራቸውን፣ ትዳራቸውን፣ ሬሳቸው የሚወጣበትን ቤት ሳይቀር ሰጥተው ትንፋሼን መለሱልኝ። የምወቅሰው ያን ዝምታ ነው። ማንም ሐኪም ያን ቀን እስኪመጣ "ትምባሆ ትወስጃለሽ?" ብሎ አልጠየቀኝም። ሴትን ማን ይጠይቃል? የቄስ ቤት ሴትንማ ጨርሶ! ብጠየቅም "አላጨስም" ነበር የምለው፤ እውነትም አላጨስኩም። ጭስ የሌለው ነገር የማይጎዳ ይመስለን ነበር።

አሁን ሰቆጣ ነው የምኖረው። ትምባሆን አቁሜያለሁ፤ በአንድ ቀን ያቆምኩ እንዳይመስላችሁ። አቆምኩ፣ ጀመርኩ፣ አቆምኩ፣ ራሴን በሻሽ ጠፈርኩ፣ ሰው ላይ ጮኽኩ፣ እንደገና አቆምኩ። ነጩ ቦታ ካቆምኩ በኋላ ቀስ እያለ ሳሳና ጠፋ። ሐኪሙ ያኔም በጊዜ ከተተወ እንደሚጠፋ ነግሮኝ ነበር፤ የእማ ለተብርሃንም በጊዜው ይጠፋ እንደነበር ማሰብ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እናንተ ግን፣ ከንፈራችሁ ሥር፣ ጉንጫችሁ ውስጥ ወይ በአፍንጫችሁ የምትወስዱ፣ የምታጨሱም፣ ስሙኝ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፣ ማንንም አልገዝትም። መተው የሚችል ዛሬ ይተው። ገና መተው ያልቻለ ቢያንስ አፉን ይይ። ጥርስ ሲታመም ትምባሆ አያድነውም፤ ዝም ያሰኘዋል እንጂ፣ ዝም ያለው ጥርስ ደግሞ ከውስጥ ይሠራል። በተነቀለ ጥርስ ጉድጓድና በቁስል ላይ እግዜር ያሳያችሁ፣ አታድርጉበት። በጣት ተፈትጎ የማይለቅ ነጭ፣ ወይ ቀይ ቦታ፣ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ እብጠት ካያችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱና "ትምባሆ እወስዳለሁ" ብላችሁ ጀምሩ። ባይጠይቃችሁም ንገሩት። "አያመኝም" አትበሉ። እባካችሁ ያንን ቃል አትበሉ።

አባ ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት ሐኪሙን "የሚፈለገው ምንድን ነው? አሳየኝ" ብለው ጠይቀውት ነበር። ሐኪሙ የእኔን ከንፈር ገልጦ፣ ጉንጬን፣ ምላሴን አስነሥቶ ሥሩን አሳያቸው። እማ ለተብርሃን ካረፉ በኋላ ወር በገባ ቁጥር አባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይጠሩኝ ነበር። የተረፈች ቁራጭ ጧፍ ይለኩሱና ወደ አፌ ያስጠጋሉ። "ክፈቺ" ይሉኛል። ከንፈሬን እገልጣለሁ፣ ጉንጬን እስባለሁ፣ ምላሴን አነሣለሁ። ዓይናቸው ደክሟልና ብዙ ይቆያሉ፤ ሰሙ እጃቸው ላይ ሲንጠባጠብ አይሰሙትም። ሲጨርሱ "የለም፣ ተመስገን" ይላሉ፤ ጧፏን ያጠፋሉ።

ወደ ሰቆጣ ከመዛወሬ በፊት በመጨረሻው ጊዜ አይተውኝ ሲያበቁ ጧፏን አላጠፏትም። ይዘዋት ቆዩ።

"ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖርኩ" አሉኝ። "አንድ ቀን ክፈቺ አላልኳትም።"